ከዊንዶውስ በዋናነት የቀረን የሒሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪ ነው፤ በኡቡንቱ ላይ ለማስኬድ የትኛው የቨርቹዋል ማሽን ሶፍትዌር ይሻላል?

የሒሳብ ክፍል (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ በሚገኝ አነስተኛ የሒሳብ አገልግሎት ቢሮ ውስጥ የመዝገብ ሥራውንም የኮምፒውተሮቹንም ጉዳይ የምከታተለው እኔ ነኝ። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ሲያበቃ፣ ያሉን ዴስክቶፖች ስድስተኛና ሰባተኛ ትውልድ የኢንቴል ፕሮሰሰር የያዙ በመሆናቸው ወደ ዊንዶውስ 11 ልናሳድጋቸው አልቻልንም፤ አዲስ ለመግዛትም በጀቱ አይፈቅድም። ስለዚህ ሁሉንም ወደ ኡቡንቱ 24.04 ሊኑክስ አዛውረናቸዋል። ደብዳቤው፣ የስሌት ሠንጠረዡ፣ ኢሜይሉና በብሮውዘር የሚከናወነው የግብር ማስታወቅ ሥራ ያለ ችግር እየሄዱ ነው።

ያልተሻገሩት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ፒችትሪ 2010 ነው፤ የደንበኞቻችን የዓመታት መዝገብ ያለው እዚያ ውስጥ ስለሆነ ወደ ሌላ ፕሮግራም ማዛወሩ ራሱን የቻለ ትልቅ ሥራ ነው። ሁለተኛው በፓወር ግዕዝ የተጻፉ የቆዩ ውሎችና ደብዳቤዎች ናቸው፤ ዩኒኮድ ባልሆነው በድሮው አጻጻፍ የተቀመጡ በመሆናቸው በሊብሬኦፊስ ሲከፈቱ የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ሆነው ይታያሉ።

ማሽኖቹ 8 ጊጋባይት ሚሞሪና ኤስኤስዲ አላቸው፤ አንዱ ብቻ 16 ጊጋባይት ነው። ዊንዶውስን በኡቡንቱ ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር (ቨርቹዋል ማሽን) ስለሚያስኬዱት ስለ ቨርቹዋልቦክስ፣ ስለ ቪኤምዌርና ስለ ኬቪኤም፣ እንዲሁም ስለ ዋይን አንብቤአለሁ፤ ነገር ግን አብዛኛው ንጽጽር በፍጥነት ላይ ያተኮረ ነው። እኔን የሚያሳስቡኝ ሌሎች ጉዳዮች ናቸው። የሌላውን መዝገብ የምንመረምር ሰዎች በራሳችን ኮምፒውተር ላይ ያልተፈቀደ ሶፍትዌር ቢገኝብን ስለሚያሳፍር ፈቃዱ የጠራ እንዲሆን እፈልጋለሁ፤ መብራት በድንገት ሲጠፋ መዝገቡ እንዳይበላሽ እፈልጋለሁ፤ የኢንተርኔት ጥቅላችንም ዊንዶውስ በየጊዜው ለሚያወርደው ማዘመኛ እንዳያልቅ እፈልጋለሁ። በዚህ ረገድ የሠራችሁበት ሰዎች ምን ትመክሩኛላችሁ?


ሰርቨር ጠባቂ

እንደምን ዋሉ። ከዝርዝርዎ መጀመሪያ የማወጣው ዋይንን ነው። ዋይን ቨርቹዋል ማሽን አይደለም፤ የዊንዶውስ ፕሮግራም የሚያቀርበውን ጥሪ ሊኑክስ ወደሚያውቀው ጥሪ የሚለውጥ መካከለኛ ሽፋን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ሲገነባ የቆየ፣ ለብዙ ፕሮግራሞች እጅግ የሚያገለግል ሥራ ነው። ፒችትሪ ግን ብቻውን የቆመ ፕሮግራም አይደለም፤ መዝገቡን የሚጽፍለትና የሚያነብለት ፐርቫሲቭ የተባለ የዳታቤዝ ሞተር በዊንዶውስ አገልግሎትነት ከጀርባው መሥራት አለበት። በዋይን ላይ መስኮቱ ተከፍቶ ሜኑው ቢታይ እንኳ፣ ያ ሞተር በሁለት ሰዓት ሥራ መሐል ምን እንደሚያደርግ ዋስትና የሚሰጥዎ የለም። የሰው ሒሳብ ለዚህ ዓይነቱ ሙከራ የሚሆን አይመስለኝም።

ከሦስቱ የቀሩት ውስጥ ለእርስዎ ቢሮ የምመርጠው ኬቪኤምን ነው፤ ምክንያቴም ፍጥነት አይደለም። ኬቪኤም እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2007 ከወጣው ከ2.6.20 ጀምሮ የሊኑክስ ከርነል (የሥርዓቱ እምብርት) አካል ነው። ኡቡንቱ ከርነሉን ባዘመነ ቁጥር ኬቪኤምም አብሮ ይዘመናል፤ ለብቻው የሚጠገን ወይም እንደገና የሚገነባ ነገር የለም። ቨርቹዋልቦክስና ቪኤምዌር ግን የራሳቸውን የከርነል ሞጁሎች (ከርነሉ ላይ የሚጫኑ ተጨማሪ ክፍሎች) ከውጭ ያስገባሉ። ከርነሉ ሲቀየር እነዚያ ሞጁሎች እንደገና መገንባት አለባቸው፤ ሴኪዩር ቡት (ያልተፈረመ ሶፍትዌር እንዳይጫን የሚከለክለው ቅንብር) የተከፈተ ከሆነ ደግሞ መፈረምም አለባቸው። ይህ ለእኔና ለእርስዎ ከባድ ላይሆን ይችላል፤ ሰኞ ጠዋት ኮምፒውተሯን ከፍታ ፒችትሪ አልነሣ ላላት የሒሳብ ሠራተኛ ግን የሥራ ቀን የሚያባክን ጣጣ ነው።

በፈቃድ ረገድም ከሁሉም የጠራው እሱ ነው። ኬቪኤም፣ አብሮት ማሽኑን የሚያስመስለው ኪውኢሚዩ፣ አስተዳዳሪው ሊብቨርትና በመስኮት የሚያስተዳድሩበት ቪርት-ማኔጀር ሁሉም ነፃ ሶፍትዌሮች ናቸው፤ ለቢሮ ሥራ የሚጠየቅ ክፍያ የለም፤ የሚጫኑትም ከኡቡንቱው የራሱ ማከማቻ ነው። ቨርቹዋልቦክስ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መሠረታዊው ጥቅል በጂፒኤል ፈቃድ የሚሰጥ ነፃ ሶፍትዌር ሲሆን፣ ኤክስቴንሽን ፓክ የሚባለው ተጨማሪ ግን ነፃ የሚሆነው ለግል መጠቀሚያ፣ ለትምህርትና ለሙከራ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን እንደ አንድ ቆጥሮ በቢሮ ኮምፒውተር ላይ ይጭናቸዋል፤ እርስዎ የፈሩት ዓይነት ነገር ይህ ነው። ቪኤምዌር ወርክስቴሽን ፕሮ እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2024 ጀምሮ ለንግድ ሥራም ጭምር ያለ ክፍያ የተፈቀደ ሆኗል፤ ለማውረድ ግን ብሮድኮም ድረ ገጽ ላይ መመዝገብ ያስፈልጋል።

ሲጀምሩ መጀመሪያ ባዮስ ውስጥ ገብተው የኢንቴል ቪቲ-ኤክስ (የፕሮሰሰሩ የቨርቹዋላይዜሽን ድጋፍ) መከፈቱን ያረጋግጡ። ያገለገሉ ሆነው በሚገዙ ዴስክቶፖች ላይ ተዘግቶ ማግኘት የተለመደ ነው፤ ተዘግቶ ከሆነ ኬቪኤም ጨርሶ አይነሣም ወይም ኪውኢሚዩ ፕሮሰሰሩን በሶፍትዌር ብቻ እያስመሰለ እጅግ ይንቀረፈፋል፤ ከዚያ በኋላ ሰዎች «ኬቪኤም ቀርፋፋ ነው» ብለው ይተውታል።

ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ሌላው ቦታ የዊንዶውስ ተከላ ነው። ዲስኩን በቪርቲዮ ዓይነት (ለቨርቹዋል ማሽን ፍጥነት ተብሎ በተሠራው) ካዘጋጁት የዊንዶውስ መጫኛው ዲስኩን አያየውም፤ ባዶ ዝርዝር ያሳይዎታል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ዊንዶውስ የቪርቲዮ ድራይቨር በውስጡ ስለሌለው ነው። የፌዶራ ፕሮጀክት የሚያዘጋጀውን የቪርቲዮ ድራይቨር አይኤስኦ አስቀድመው ያውርዱና እንደ ሁለተኛ ሲዲ ያያይዙት፤ መጫኛው ዲስክ አጣሁ ሲል «ድራይቨር ጫን» የሚለውን መርጠው ከዚያ ሲዲ ውስጥ የማከማቻውን ድራይቨር ያሳዩት። ተከላው ሲያልቅ በዚያው ሲዲ ላይ ያለውን የእንግዳ መሣሪያዎች ጥቅል ይጫኑ (እንግዳ የሚባለው በቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ ያለው ዊንዶውስ ነው)፤ የስክሪኑ መጠንና በሁለቱ ሥርዓቶች መካከል ጽሑፍ መቅዳትና መለጠፍ የሚስተካከሉት በእሱ ነው። ባለ 8 ጊጋባይት ማሽን ላይ ለእንግዳው ዊንዶውስ 10 አራት ጊጋባይት ሚሞሪ ቢሰጡት ለፒችትሪ ይበቃዋል፤ ከዚያ በላይ ከሰጡት ብሮውዘር ሲከፈት ኡቡንቱው ራሱ መተንፈሻ ያጣል።


ካዛንቺስ 64 ቢት

የሰርቨር ጠባቂን ማብራሪያ አከብራለሁ፤ በመደምደሚያው ግን ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ቢሮው አንድ ሰው ብቻ ኮምፒውተሩን የሚያውቅበት ቢሮ ነው። ጠያቂው ነገ ሥራ ቢቀይር የሚተካው ሰው ቪርት-ማኔጀርን አይቶ የማያውቅ፣ ቨርቹዋልቦክስን ግን ኮሌጅ እያለ የተማረበት ሊሆን ይችላል። የቨርቹዋልቦክስ ማሽን በአንድ የኦቪኤ ፋይል ተጠቅልሎ ዊንዶውስ ወዳለው ኮምፒውተር እንኳ ሊዛወር ይችላል፤ ቢሮው አንድ ቀን ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ቢወስን ያለ ብዙ ጣጣ ይዞት ይሄዳል። የጋራ ፎልደሩም በሁለት ጠቅታ ይዘጋጃል፤ በኬቪኤም በኩል ያው ነገር ከዚያ የበለጠ ሥራ ይጠይቃል።

የኤክስቴንሽን ፓኩን ጉዳይ በተመለከተ፣ ቀድሞ ሰዎችን እንዲጭኑት የሚያስገድዳቸው የዩኤስቢ 2.0 እና 3.0 ድጋፍ ከ7.0 ጀምሮ ወደ መሠረታዊው ነፃ ጥቅል ገብቷል። ስለዚህ ለፒችትሪ ሥራ ኤክስቴንሽን ፓክ ጨርሶ አያስፈልግም፤ አለመጫን ብቻ ይበቃል።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፤ ይህ ለእኔ ወገን የማይመች ቢሆንም እውነት ነው። ከከርነል 6.12 ጀምሮ ኬቪኤም ገና ሞጁሉ ሲጫን የፕሮሰሰሩን ቨርቹዋላይዜሽን ስለሚይዝ፣ ቨርቹዋልቦክስ ማሽኑን ለማስነሣት ሲሞክር ስህተት አሳይቶ ሊያቆም ይችላል። ኡቡንቱ 24.04 መጀመሪያ የወጣው በ6.8 ከርነል ነበር፤ ከ24.04.3 ጀምሮ የመጡት የሃርድዌር ማዘመኛ ከርነሎች ግን ከ6.12 በላይ ናቸው። መፍትሔው የኬቪኤምን ሞጁል ማውረድ ወይም ሲነሣ ወዲያው እንዳይይዝ በከርነሉ የማስነሻ መስመር ላይ ማዘዝ ነው። ከሁለቱ አንዱን መርጠው በአንድ ማሽን ላይ ሁለቱንም ባይደባልቁ ይሻላል።


የሒሳብ ክፍል (ጠያቂ)

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። የምተካው ሰው ጉዳይ ያላሰብኩት ነጥብ ነበር፤ ይሁን እንጂ የከርነሉ ነገር ስላሳሰበኝ ወደ ኬቪኤም እያዘነበልኩ ነው። ሁለት ጥያቄዎች ቀርተውኛል። የፒችትሪን የኩባንያ ፎልደሮች በኡቡንቱው ዲስክ ላይ አስቀምጬ እንግዳው ዊንዶውስ በጋራ ፎልደር በኩል ቢያነባቸው፣ የሌሊቱን ባክአፕ ከሊኑክስ በኩል በቀላሉ ለማድረግ ይመቸኛል ብዬ አስቤአለሁ፤ ይህ ትክክል ነው? በተጨማሪም መዝገብ የሚያስገቡት ሦስት ሠራተኞች ናቸው፤ ለእያንዳንዳቸው ቨርቹዋል ማሽን ላዘጋጅ ወይስ በባለ 16 ጊጋባይቱ ማሽን ላይ አንድ አድርጌ ሁሉም በርቀት ይግቡበት?


ሰርቨር ጠባቂ

የመጀመሪያውን ሐሳብዎን እባክዎ ይተዉት። ለምን ደግሞ በዝርዝር ላስረዳ፤ የዚህ ሁሉ ውይይት ዋናው አደጋ ያለው እዚህ ላይ ነውና።

ፐርቫሲቭ የተገነባው በአሮጌው ቢትሪቭ አሠራር ላይ ነው። የኩባንያው ፎልደር ውስጥ የሚያዩአቸው ዳት የሚል ቅጥያ ያላቸው ፋይሎች እያንዳንዳቸው የመዝገቡ አንድ ክፍል ናቸው፤ አንድ ደረሰኝ ሲመዘገብ በርካታ ፋይሎች በአንድ ጊዜ ይጻፋሉ። ይህ በትክክል የሚሆነው የዳታቤዝ ሞተሩ ፋይሎቹ ባሉበት ማሽን ላይ ሆኖ ሲጽፋቸው ነው። ፋይሎቹን በጋራ ፎልደር በኩል ኡቡንቱው ላይ ካስቀመጡ ሞተሩ በአንድ ሥርዓት፣ ፋይሉ በሌላ ሥርዓት ይሆናል፤ የፋይል ቁልፉም የጽሑፉም ቅደም ተከተል በመካከላቸው ባለው ሽፋን ላይ ይንጠለጠላል። ከሊኑክስ በኩል ሌሊት የሚቀዱትም ቢሆን፣ ሠራተኛ ፒችትሪን ሳይዘጋ ሄዶ ከሆነ፣ ግማሹ ከመመዝገቡ በፊት ግማሹ ከተመዘገበ በኋላ የተቀዳ የፋይል ክምር ይሆናል። እንዲህ ያለ ቅጂ የሚያሳስተው ባክአፕ መስሎ መቀመጡ ነው፤ ጉድለቱ የሚታወቀው መልሰው ሲከፍቱት ብቻ ነው።

ስለዚህ የኩባንያው ፎልደር በእንግዳው ዊንዶውስ የራሱ ዲስክ ውስጥ ይቀመጥ። ባክአፑን ፒችትሪ ራሱ ከፋይል ሜኑው ይሥራው፤ የሚያወጣውም ፒቲቢ የሚል ቅጥያ ያለው አንድ ፋይል ነው። ወደ ጋራ ፎልደሩ የሚሄደው እሱ ብቻ ይሁን፤ ከዚያ በኋላ ኡቡንቱው በፈለጉት ሰዓት ወደ ውጭ ዲስክ ይቅዳው። በየጊዜውም ከፒቲቢዎቹ አንዱን በሌላ ስም መልሰው ከፍተው የመሞከሪያ ሚዛኑ ከመዝገቡ ጋር መስማማቱን ይዩ።

እግረ መንገዴን ስለ ስናፕሾት ልናገር፤ አለመጠየቅዎ ባያስገርመኝም ቪርት-ማኔጀርን ሲከፍቱ ቁልፉን ያዩታልና። ስናፕሾት (የማሽኑን የዚያን ቅጽበት ሁኔታ ማስቀመጥ) ከባክአፕ ጋር አንድ አይደለም። ሰኞ ስናፕሾት ወስደው ዓርብ ወደ እሱ ቢመለሱ፣ በመካከሉ የተመዘገበው ሁሉ ከነዲስኩ ወደ ሰኞ ይመለሳል። አዲስ ፕሮግራም ወይም ድራይቨር ከመጫንዎ በፊት ማሽኑን አጥፍተው ስናፕሾት መውሰድ ጥሩ ልማድ ነው፤ ተከላው መሳካቱን ሲያረጋግጡ ግን ያጥፉት።

የመብራቱን ነገር በተመለከተ፣ የትኛውንም ሶፍትዌር ቢመርጡ ዩፒኤስን የሚተካ የለም። ሶፍትዌሩ ሊያደርግ የሚችለው ዩፒኤሱ በሰጠው ደቂቃዎች ውስጥ ሥራውን በሥርዓት ማጠናቀቅ ነው። ዩፒኤሱን በዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር ያገናኙትና ባትሪው ሲቀንስ ኡቡንቱው ራሱን እንዲያጠፋ ያዘጋጁት፤ ኡቡንቱው ሲጠፋ ሊብቨርት-ጌስትስ የተባለው አገልግሎት እንግዳውን ዊንዶውስ አስቀድሞ በሥርዓት እንዲዘጋ ማድረግ ይችላል። በቅንብሩ ውስጥ «ሰስፔንድ» ሳይሆን «ሻትዳውን» የሚለውን ይምረጡ። ሰስፔንድ ሚሞሪውን በሙሉ ዲስክ ላይ ስለሚጽፍ ጊዜ ይወስዳል፤ ደካማ ባትሪ ላይ ያ ጊዜ ላይኖር ይችላል። የዲስኩን የካሽ ቅንብርም «አንሴፍ» ወደሚለው በፍጹም አይቀይሩት። አንዳንድ መመሪያዎች ተከላን ለማፍጠን ይህንኑ ይመክራሉ፤ ነገር ግን ዊንዶውስ «ዲስክ ላይ ጻፍልኝ» ሲል ኪውኢሚዩ ሳይጽፍ «ጽፌአለሁ» እንዲል የሚያደርግ ቅንብር ነው።

ወደ ሦስቱ ሠራተኞች ስመጣ፣ አንዱ ማሽን ላይ ሁሉም በአንድ ጊዜ በርቀት ይግቡ የሚለው አያስኬድም፤ ዊንዶውስ 10 ፕሮ በርቀት የሚያስተናግደው በአንድ ጊዜ አንድ ተጠቃሚ ብቻ ነው። ሦስት ቨርቹዋል ማሽን ካደረጉ ደግሞ ሦስት የዊንዶውስ ፈቃድ ያስፈልጋል። እኔ ብሆን ሥራው በደንበኛ የተከፋፈለ መሆኑን አይ ነበር። እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱን ደንበኞች የሚይዝ ከሆነ ሦስት የተለያዩ ማሽኖች ይሻላሉ፤ አንዱ ሲበላሽ ሁሉም አይቆምም። በአንድ ደንበኛ መዝገብ ላይ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ የሚሠራ ከሆነ ግን ፈረቃ ማውጣት ይቀላል።


ድራፍቲንግ ሩም

እዚህ ውይይት ላይ ቪኤምዌር ተረስቷል፤ ለሒሳብ ሥራ መረሳቱም ትክክል ነው። ሆኖም ይህን የሚያነብ የምህንድስና ቢሮ ሰው ካለ ሁኔታው ይለያል። ኬቪኤም በተለመደው አሠራሩ ለእንግዳ ዊንዶውስ የሚረባ ባለ ሦስት ገጽታ የግራፊክስ ማፋጠኛ አይሰጥም፤ ለማግኘት ሁለተኛ የግራፊክስ ካርድ ተክሎ ካርዱን ለእንግዳው አሳልፎ መስጠት ይጠይቃል። ቪኤምዌር ወርክስቴሽን ግን እስከ ዳይሬክትኤክስ 11 ድረስ ይደግፋል፤ አውቶካድን ለመሰለ ሥራ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ከርነሉ ሲቀየር ሞጁሎቹን እንደገና የመገንባቱን ጣጣ የምንታገሠው ለዚህ ብለን ነው። ከባድ የሕንፃ ሞዴል ለሚሠራ ሰው ግን ከሦስቱም ይልቅ ዊንዶውስን በራሱ ዲስክ ላይ መጫንን እመርጥለታለሁ።


የሰነድ ክፍል

ስለ ኢንተርኔቱ፣ ስለ ዊንዶውሱ ፈቃድና ስለ አሮጌዎቹ ደብዳቤዎች ማንም ስላልመለሰ እኔ ልሞክር።

ፒችትሪ 2010 ለዕለት ሥራው ኢንተርኔት አያስፈልገውም፤ ግብር የምታስታውቁትም በኡቡንቱው ብሮውዘር ነው። ስለዚህ እንግዳው ዊንዶውስ ኢንተርኔት ጨርሶ አይኑረው። ዊንዶውሱን አንድ ጊዜ ካነቁት በኋላ በቪርት-ማኔጀር ውስጥ ኔትወርኩን «አይሶሌትድ» ወደሚለው ዓይነት ይቀይሩት፤ ያኔ እንግዳው ከኡቡንቱው ጋር ብቻ ይነጋገራል፤ ወደ ውጭ አይወጣም። ማዘመኛ ስለማያወርድ የኢንተርኔት ጥቅላችሁ አይነካም፤ ድጋፉ ያበቃ ዊንዶውስም ከውጭ ለሚመጣ ጥቃት በቀጥታ አይጋለጥም። ፒቲቢ ፋይሎቹ ወደ ኡቡንቱው የሚሄዱበት፣ በሳምባ (ፎልደርን ለዊንዶውስ በሚያጋራው የሊኑክስ ፕሮግራም) የተጋራው ፎልደር በዚሁ የውስጥ ኔትወርክ ላይ ይሠራል። ፍላሽ ዲስክን በቀጥታ ለእንግዳው መስጠት ግን ይከልከል፤ ቫይረስ ከኢንተርኔት ይልቅ በፍላሽ እንደሚገባ ቢሮ ውስጥ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል።

ፈቃዱን በተመለከተ፣ ዴስክቶፖቹ ሲገዙ አብሮአቸው የመጣው የዊንዶውስ ቁልፍ በማዘርቦርዱ ላይ የተጻፈ ከሆነ እንግዳው በራሱ አያየውም፤ የማንቂያ ሥርዓቱም ቨርቹዋል ማሽኑን እንደ ሌላ ኮምፒውተር ይቆጥረዋል። ለየማሽኑ ራሱን የቻለ፣ ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላ ሊዛወር የሚችል የችርቻሮ ፈቃድ ብትይዙ፣ ደረሰኙንም ብታስቀምጡ ለእንደናንተ ዓይነት ቢሮ ይስማማል። ዊንዶውስ 11ን በእንግዳነት ልጫን ቢሉ ቲፒኤሙን (የሚጠይቀውን የደኅንነት ቺፕ) በሶፍትዌር ማስመሰል ይቻላል፤ የፕሮሰሰሩ ትውልድ ግን ያው ስለሆነ ከተደገፉት ዝርዝር ውስጥ አይገባም።

ለፓወር ግዕዝ ሰነዶች፣ ፕሮግራሙንና ፊደሎቹን በእንግዳው ውስጥ ጭነው በዚያው ይክፈቷቸው። በሁለቱ ሥርዓቶች መካከል ቀድተው ለመለጠፍ ግን አይሞክሩ፤ የሚሻገረው በፊደሉ ሥር ያለው የላቲን ኮድ ስለሆነ ዝብርቅርቁ ተመልሶ ይመጣል። ለማንበብና ለማኅደር ብቻ የሚፈለገውን ፊደሉን በውስጡ ይዞ ወደሚቀመጥ ፒዲኤፍ አትመው ወደ ጋራ ፎልደሩ ያውጡት፤ ገና የሚሻሻለውን ውል ግን በዩኒኮድ እንደ አዲስ ማስጻፉ ይሻላል። እንግዳው ውስጥ አማርኛ ሲተይቡ የኡቡንቱው የቁልፍ ሰሌዳ በእንግሊዝኛ ላይ ይሁን፤ ሁለቱም አማርኛ ላይ ከሆኑ ፊደሉ ይምታታል።

ፕሪንተሩንም ለእንግዳው በዩኤስቢ መስጠት አያስፈልግም። ኡቡንቱው ላይ ተጭኖ በውስጡ ኔትወርክ በኩል ለእንግዳው ይጋራ፤ ያኔ ከሁለቱም በኩል ሳይነቀል ያትማል። የደረሰኝ ማተሚያ ወይም የዩኤስቢ ቁልፍ የሚጠይቅ ሌላ ፕሮግራም ካላችሁ ግን እሱ የግድ በቀጥታ መተላለፍ ስላለበት፣ ምን ዓይነት እንደሆነ እዚህ ይጻፉልንና እንየው።